ደምሽ ነው ያመጣብሽ

ታላቅ እህቴን ሦስት ጊዜ «ታይፎይድ አለብሽ» ያልኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ላይ ከመቆጣቴ በፊት ይህን ማስቀደም አለብኝ። ስለዚያ ጊዜ ባሰብኩ ቁጥር ንዴቴ መጀመሪያ የሚያርፈው በራሴ እጅ ላይ ነው።

ሆሳዕና ውስጥ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የመንግሥት ሆስፒታል ተቀጣሪ ብሆንም ቅዳሜ ቅዳሜና አንዳንድ ቀን ከሥራ መልስ አንድ የግል ክሊኒክ እሠራ ነበር። እህቴ አንጋጫ የሂሳብ መምህርት ናት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ ዲፕሎማዋን ይዛ ገና የተመደበች አስተማሪ። ወስዳ አሳደገችኝ። የቤት ሥራዬን ስታሠራኝ መጀመሪያ በከምባትኛ አስረጂኝ ትለኛለች፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ባንዱ ከተደናቀፍኩ ደብተሩን ትዘጋዋለች። «በሁለት ቋንቋ ያልገባሽ ነገር አልገባሽም» ትል ነበር።

ራስ ምታቱ የጀመራት ከመስቀል በዓል በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት ያማታል፣ ያስመልሳታል፣ ረፋዱ ላይ ለቀቅ ያደርጋታል። ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ እኔ መጣች። ከክንዷ ደም ቀዳሁ። ከደሟ የተለየውን ቢጫ ውሃ ከምርመራው ፈሳሽ ጋር በመስታወት ላይ አደባልቄ ግራና ቀኝ አወዛወዝኩት። ፈሳሹ እንደ ተቆረጠ ወተት ፍርፍር አለ። «ፖዘቲቭ» ብዬ ጻፍኩ።

ይህ ምርመራ በእኛ አገር ከጤነኛ ሰው ደም ጋር እንኳ ፍርፍር እንደሚል የማያውቅ የላብራቶሪ ባለሙያ የለም። ዱሮ ታይፎይድ ይዞት የዳነ ሰው ደም ይፈረፍራል። ሌላ ትኩሳት ያለበትም ይፈረፍራል። ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታል፣ ሥራ ስንገባ ግን የሐኪሙ ማዘዣ ይመጣል፣ እኛም ፖዘቲቭ ብለን እንጽፋለን። ራሱን የሚያመው ሁሉ ታይፎይድ ነው። ሆዱን የሚያመው ጨጓራ ነው። እህቴ መድኃኒቷን ጨርሳ ትንሽ ቀናት ደህና ሆነች፤ ተመልሶ ያዛት። ተመለሰች። እንደገና ፖዘቲቭ። በሦስተኛው ጊዜ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ «ይሄ ታይፎይድ እኔን ወዶኛል መሰለኝ» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። የዚያን ቀን ሳቄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ አብራት የምታስተምር መምህርት ደወለችልኝ።

«አትደንግጪ» አለችኝ፤ እንዲህ የሚል ሰው ሁሌም የሚያስደነግጥ ነገር ይዟል። «እህትሽ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ መስመሯ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ደክሟት ነው ብለን ነበር። ዛሬ ግን ‹ሲደመር› የሚለውን ቃል አጣችው። ምልክቱን ትጽፈዋለች፣ መጥራት አቃታት። ከዚያ መምህራን ክፍል ውስጥ ወደቀችና ተንቀጠቀጠች።»

ሀዋሳ ወስደን ሲቲ ስካን አስነሳናት። ውጤቱን ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀድሜ አነበብኩት፤ የሙያው ቋንቋ ስለሚገባኝ ማንም እስኪነግረኝ መጠበቅ አላስፈለገኝም። በአንጎሏ ግራ ክፍል ዕጢ ነበረ። ባሏ አጠገቤ ቆሞ ፊቴን ያያል። የአንጋጫ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው።

«ታይፎይድ አይደለም?» አለኝ።

«አይደለም፣ ጋሼ።»

አዲስ አበባ ላይ ኦፕራሲዮኑን ወራት ጠበቅን። ቀዶ ሐኪሙ ሲወጣ የተናገረው ግልጽ ነበር፤ ዕጢው ቀስ ብሎ የሚያድግ ዓይነት ነው፣ አብዛኛውን አውጥተነዋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም፤ እንዳትንቀጠቀጥ የታዘዘላትን ክኒን አንድም ቀን እንዳታቋርጥ፣ በየጊዜው ትታይ። «አንድም ቀን» የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገመው።

እህቴ ስትነቃ አማርኛዋ ጠፍቶ ነበር። ከምባትኛዋ ግን ነበረ፤ ቀስ ያለ፣ የተቆራረጠ፣ ግን ነበረ። ውሃ ስትለምን በከምባትኛ ነው፣ የልጆቿን ስም ጠርታ ስትጠይቅም በከምባትኛ ነው። አማርኛ ሲያወሯት ዓይኗ ይንከራተታል። አንዷ ነርስ አልጋውን እያስተካከለች ለጓደኛዋ፣ «ከገጠር የመጣች ናት መሰለኝ፣ አማርኛ አትችልም» አለቻት። የትምህርት ቤቱን ቃለ ጉባኤ ለዓመታት በአማርኛ የጻፈችው እህቴ ናት። የወረዳው ሰዎች ደብዳቤ ሲከብዳቸው ወደ እሷ ነበር የሚልኩት። ተነሥቼ ነርሷ ላይ ጮህኩ። ነርሷ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ጩኸቱ ለእሷ ብቻ እንዳልነበረ አውቄዋለሁ።

አንጋጫ ከተመለሰች በኋላ አማርኛው ቁራሽ በቁራሽ መጣ። መጀመሪያ ቁጥሮቹ፣ ከዚያ ሰላምታው፣ ከዚያ ስድቡ። ሴት ልጇን «ደደብ» ያለቻት ቀን ቤቱ በሙሉ እልል አለ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ግን እንቢ ይላት ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሄዳ ትቆምና በከምባትኛ ትጨርሰዋለች። ቢሆንም እየተሻላት ነበር። ክኒኗን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ሁለተኛ አልተንቀጠቀጠችም።

ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት የተለጠፈው በዚህ መሀል ነው።

የምሠራበት ክሊኒክ ባለቤት ጤና መኮንን ነው፤ ከተማው ግን ዶክተር ይለዋል፣ እኔም እለው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሥልጠና ነበረኝ ብሎ ሰንብቶ ሲመለስ ካርቶን ሙሉ በራሪ ወረቀትና በጣሳ የታሸገ አረንጓዴ ዱቄት ይዞ መጣ። ከወረቀቱ አንዱን አስፍቶ አሳትሞ ወረፋ መጠበቂያው ላይ ለጠፈው፤ «የአንጎል ዕጢ ከደም ይጀምራል! የዘረመል ሳይንስ አረጋግጧል። ዛሬውኑ ደምዎን ያስመርምሩ፣ ዛሬውኑ ደምዎን ያጥሩ።» ከሥሩ የሰው ጭንቅላት ሥዕል አለ፤ በደም ሥሮቹ ውስጥ ቢጫ ጠብታዎች ወደ ላይ ይወጣሉ።

አነበብኩት። ግን ምንም አላልኩም። የእህቴን ነገር ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፤ ብናገር በስሜት ነው የሚሉኝ መሰለኝ። ደግሞም እውነት ይሆን እንዴ የሚል ነገር ውስጤ ነበር። ስለዚህ ዝም ብዬ ደም መቅዳቴን ቀጠልኩ። ሰዎች ከሀደሮ መጡ፣ ከሙዱላ መጡ፣ ከሆሳዕና ዙሪያ ገጠሮች መጡ። የደማቸውን ቅባት እለካለሁ፣ ስኳራቸውን እለካለሁ፣ ወረቀቱ ላይ እፈርማለሁ። ቁጥሯ ትንሽ ከፍ ያለች የሙዱላ ሴት ውጤቷን ይዛ ከእሱ ክፍል ስትወጣ ወደ እኔ መስኮት ተመለሰች።

«እህቴ፣ አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ በቅሏል ማለት ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ እንደሱ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ እንዴት ነው?»

ከኋላዋ ወረፋው ይገፋል። «ዶክተሩ ያስረዳሻል» አልኳት። ዱቄቷን በፌስታል ይዛ ሄደች። ሙዱላ ድረስ ሄጄ ልፈልጋት ደጋግሜ አስቤያለሁ፤ በገበያ ቀን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንዲት ሴት እንዴት ትገኛለች? ፊቷ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

አንጋጫ በገበያ ቀን ጋሼ ደወለልኝ። እህቴ ገበያ መሀል ወድቃ፣ ተንቀጥቅጣ፣ ድንጋይ ፊቷን መትቷት ሁለት የፊት ጥርሷ ተሰብሮ ነበር። ስደርስ ጤና ጣቢያው ውስጥ በጎኗ ተኝታለች፣ ከንፈሯ ተሰፍቷል። አማርኛዋ እንደገና ሄዷል። እጄን ያዘችና በከምባትኛ እንዲህ አለችኝ፦

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅቤ አበዛሁ። መስቀል በመጣ ቁጥር አበዛ ነበር። ደሜን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የቃዠች መስሎኝ ነበር። ዞር ብዬ ጋሼን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

«ክኒኗን ወስዳለች?» አልኩት።

የኮቱን ኪስ ዳበሰ።

«ጋሼ፣ ክኒኗን ወስዳለች ወይ?»

«አቁማለች። ሦስት ሳምንቷ ነው።» ከኮቱ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ያ የጭንቅላት ሥዕል ነበረበት። «ሆሳዕና ይዣት ሄድኩ። አንቺ ሆስፒታል ተረኛ ነበርሽ። ዶክተሩ ዱሮ አንቺ የለካሽላትን የቅባት ውጤት መዝገብ ውስጥ አገኘው፤ ከፍ ብሎ ነበር። ‹ደምሽ ነው ያመጣብሽ› አላት። ቅቤ ተዪ፣ ሥጋ ተዪ፣ ዱቄቱን ውሰጂ፣ ደምሽ እስኪጠራ ደግሞ ክኒኑን አሳርፊው፣ ክኒኑ ደም ያከብዳል አላት።»

«እንዴት አመንከው? ቀዶ ሐኪሙ አንድም ቀን አታቋርጥ አላለም? ሁለት ጊዜ አላለም?»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። በሕይወቴ ሙሉ ጋሼ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«አንቺ የምትሠሪበት ቦታ ነው እኮ» አለኝ። «ውሸት ቢሆን ኖሮ ትነግሪን ነበር ብዬ ነው ያመንኩት።»

ወጥቼ ጤና ጣቢያው አጥር ሥር ቆምኩ። ማልቀስ ፈልጌ እንቢ አለኝ። የሚነድ ነገር ብቻ ነበር ደረቴ ውስጥ፤ በጋሼ ላይ፣ በክሊኒኩ ባለቤት ላይ፣ በራሴ ላይ፣ ፊርማዬ ባለበት ወረቀት ሁሉ ላይ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሆሳዕና ተመልሼ በቀጥታ አንድ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ታስተምራለች፤ አብረን ነው የተማርነው፣ ቁጥር ከእኔ የበለጠ ይገባታል። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት።

«ይሄ ነገር ከየት የመጣ ነው? ከሥሩ እውነት አለው ወይስ የለውም?»

ላፕቶፗን ከፈተች። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፤ እኛ ግን ያን ከሰዓት ሙሉ ስለ ደም፣ ስለ ዘረመልና ስለ አንጎል ዕጢ የተጻፉ ጥናቶችን ስናነብ ዋልን። ከሥሩ አንድ ነገር ነበረ። የሚያናድደውም ይኸው ነበር። ወረቀቱ ከባዶ የተፈጠረ ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እይ» አለችኝ፤ «አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ አንድ ዓይነት ቅባት ወይም ሌላ ንጥረ ነገር ደሙ ውስጥ ከፍ እንዲል የሚያደርግ ዘረመል ይዞ ይመጣል። ይህ ዕጣ ነው። ስለበላ አይደለም፣ ስለጠጣ አይደለም፣ ሀብታም ስለሆነ አይደለም። ተመራማሪዎቹ እንግዲህ በጣም የብዙ ሕዝብ መረጃ ይሰበስቡና፣ ይህ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች የአንጎል ዕጢ ከሌላው ይበዛባቸዋል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከበዛ፣ ያ ደም ውስጥ ያለው ነገር አብሮ የታየ ብቻ ሳይሆን ምክንያት ሊሆን ይችላል ብለው ይጠረጥራሉ።»

«ይጠረጥራሉ ወይስ ያረጋግጣሉ?»

«ይጠረጥራሉ። ራሳቸው እንደዚያ ነው የጻፉት። ይኸውና፣ አንብቢው። ሌላ መረጃ ላይ ሲደገም የሚጠፋ አለ። ያንኑ ነገር አንዱ ይጨምራል ሲል ሌላው ይቀንሳል የሚልበት አለ። ልዩነቱም በሕዝብ ደረጃ የሚታይ ትንሽ ነገር ነው። ለአንድ ሰው ደም ለክተሽ ‹ይይዝሻል› ወይም ‹ይሄ ነው የያዘሽ› ማለት አትችዪም።»

«ቅቤስ?»

«ቅቤ የሚል ቃል የት አለ?» አለች፣ ወረቀቱን በጣቷ እየመታች። «ዱቄትስ የት አለ? ክኒን አቁሙስ የት አለ?»

ላፕቶፑን ወደ ራሴ ዞር አድርጌ፣ «የማን ደም ነው?» አልኳት።

«እንዴት?»

«መረጃው። የየት አገር ሰው ነው?»

ወደ ላይ ተመልሳ ፈለገች። ያነበብናቸው ሁሉ የአውሮፓ ዘር ካላቸው ሰዎች የተሰበሰቡ ነበሩ። ጸሐፊዎቹ ይህን አልደበቁም፤ ለሌላ ሕዝብ እንዲሁ ወስዶ መተርጎም አይቻልም ብለው በግልጽ ጽፈዋል። የእኛ ሰው አንድ ጠብታ ደም እንኳ እዚያ ውስጥ የለም። ከኛ ሳይወሰድ ለኛ ፍርድ ሆኖ መጣ። በተመራማሪዎቹ ልቆጣ አልቻልኩም፤ የሚያውቁትንም የማያውቁትንም ለይተው አስቀምጠዋል። ግን እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ሌላ ነገር አቃጠለኝ። እነዚያ ሰዎች ደም ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቅንጣት ለይተው እየቆጠሩ ነው። እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት ራሱን ለሚያመው ሰው ሁሉ ያንኑ መስታወት ላወዛውዝ ነው።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ክሊኒኩ ሄድኩ። ወረፋ መጠበቂያው ሰው ሞልቶታል። ባለቤቱ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር።

«ሲስተር፣ ቅዳሜ ጠፋሽብን» አለኝ እየሳቀ።

በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ ከአንቱታ ወርጄ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አንቱታው ከአፌ ወደቀ።

«እህቴን ክኒንሽን አቁሚ ያልካት አንተ ነህ?»

ሳቁ ቀረ። «ተረጋጊ እንጂ። አቁሚ አላልኩም፣ አሳርፊው ነው ያልኩት።»

«ወድቃ ጥርሷ ተሰብሯል። ልትሞት ትችል ነበር። በየትኛው ሥልጣንህ ነው የቀዶ ሐኪም ትእዛዝ የምትሽረው?»

«እኔ የማደርገው ሰው እንዲመረመር ማበረታታት ነው። ክፋቱ ምንድነው? ሳይንስ ነው፤ ውጭ አገር በዘረመል ያረጋገጡት ነው። አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፣ ይሄ ይጠፋሻል?»

«አንብበኸዋል?»

«ምኑን?»

«ጥናቱን። አንዱን እንኳ ከላይ እስከ ታች አንብበሃል?»

ብልህ ሰው ነው፤ በመመለስ ፈንታ መሳቢያውን ከፍቶ የእህቴን መዝገብ አወጣና ወደ እኔ ገፋው። የዱሮው የቅባት ውጤቷ ነበር፤ ከሥሩ ፊርማዬ።

«ይሄን የፈረመው ማነው?» አለኝ በቀስታ። «ያን ግድግዳ ላይ ያለውን ወረቀት ስለጥፍስ የት ነበርሽ? አንቺ አይደለሽም እንዴ የሁሉንም ደም የቀዳሽው?»

ትክክል ነበር። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የማይበርድልኝ። ውሸታም ሰው በእውነት ሲመታህ መመለሻ የለህም።

ወጥቼ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ከላይ ይዤ ጎተትኩት። ግማሹ ተቀደደ፣ ግማሹ ቀለሙን ይዞ ተላቀቀ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ወረቀት ውሸት ነው» አልኳቸው። «በደም ምርመራ የአንጎል ዕጢ ይምጣ አይምጣ ማወቅ አይቻልም። ሐኪም ያዘዘላችሁ መድኃኒት ካለ በማንም ቃል እንዳታቆሙ። ራሳችሁን ጠዋት ጠዋት እያመማችሁ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ሆስፒታል ሂዱና ጭንቅላቴን እዩልኝ በሉ።»

ከጥግ አንድ ሽማግሌ በሀዲይኛ ቅላጼ፣ «አንቺ እዚህ ነው የምትሠሪው አይደል? ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርሽንም?» አሉኝ።

ወጣሁ፤ ነጭ ጋዋኔን እንኳ ሳልወስድ። ከዚያ በኋላ እዚያ ሠርቼ አላውቅም።

ለእህቴ ለማስረዳት የአፏ ስፌት እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ክኒኗን ጀምራለች፣ ግን ቅቤ የነካው ነገር አትቀምስም፤ ልብሷ ሰፍቷታል። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ አንገቷን ትደፋለች፣ አንድ የሠረቀችው ነገር እንዳለ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም በፍቅር ነው የሚመክሯት፤ «እንግዲህ ካሁን በኋላ ሆድሽን ግቺ» ይሏታል።

የሷን ደብተር አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ እንዳስተማረችኝ በከምባትኛ ጀመርኩ፤ ስለ ዕጣው፣ ስለ ብዙው ሕዝብ፣ ስለ ልዩነቱ። ዓይኗ ከደብተሩ አልተነቀለም።

«ለአንድ ሰው ይናገራል?» አለችኝ።

«አይናገርም። የብዙ ሰው ነው።»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። ዕጣው ለወጣላቸው አንድ ረድፍ ነጠብጣብ አደረገች፣ ከሥሩ ላልወጣላቸው ሌላ ረድፍ፣ በመሀላቸው መስመር አሰመረች። እያንዳንዱን ረድፍ አየችና ፊቷ ቀላ። ከዚያ በአማርኛ፣ ሳትቆም፣ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ከአፏ ያልሰማሁትን ያህል ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገረች፦

«አማካይ ነዋ! አማካይ ይዞ መጥቶ ነው እንዴ እኔ ላይ የፈረደው? ይሄንን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ አይሳሳተውም!»

ጋሼ ከበር ላይ ብድግ አለ። እህቴ ግን አማርኛው መመለሱን ልብ አላለችም፤ ተናዳ ነበር። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ሳምንታት ሙሉ ራሷን ስትወቅስ የኖረች ሴት በሌላ ሰው ስትቆጣ ማየት እንዴት ደስ እንደሚል እዚያ ነው ያወቅሁት። ምሳ ሲቀርብ ቆጮውን በጎመንና በቅቤ በላች፣ ማንንም ሳታይ።

የዞን ጤና መምሪያ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁ። በሁለተኛው ቀን የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሚመለከተው ሰው ማመልከቻዬን እያገላበጠ፣ «እህትሽ አሁን ደህና ናት አይደል? ታዲያ ምን እንዲደረግ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። «ሰውየው በዞናችን የታወቀ ነው፤ ደግሞ አንቺም እዚያው ስትሠሪ የነበርሽ ነሽ።» ሐሙስ ተመለሺ አለኝ።

ይህን ለእህቴ ስነግራት ፀጉሯን እየሠራች ነበር፤ ጠባሳው ያለበትን ጎን በጥንቃቄ ትነካዋለች። «ሐሙስ እኔም እመጣለሁ» አለች።

መጣች። የትምህርት ቤት ስብሰባ የምትለብሰውን ኮት ለብሳ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ሰውዬው ለእኔ መናገር ሲጀምር፣ «እኔ ነኝ የምናገረው» አለችው። መናገር ለሷ ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ ቃል እስኪመጣ ረጅም ትጠብቃለች። ሰውዬው ሊረዳት ይሁን ሊያፋጥናት አላውቅም፣ ዓረፍተ ነገሯን እየነጠቀ ይጨርስላት ጀመር። «ማለትም ዱቄቱን ሰጠሽ…» ሲል እጇን አነሣች።

«ይቆዩ። እኔ ልጨርስ።»

ቆየ። እሷም ጨረሰች። ማን ምን እንዳላት፣ ክኒኑን የትኛው ቀን እንዳቆመች፣ የት እንደወደቀች፣ ስንት ሰው ቆሞ እንዳያት ተናገረች። ከንፈሯን ገልጣ የጎደለውን ጥርሷን አሳየችው። ከዚያ፣ «አሁን ይጻፉት» አለችው። ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ አነበበችና አንድ ቃል አሳረመችው፤ «ወደቀች» ብሎ ጽፎ ነበር፤ «መድኃኒቷን እንድታቆም ተነግሯት ወደቀች» አስባለችው።

ክሊኒኩ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ዱቄቱ ከመደርደሪያው ተነሣ። ሌላ አልሆነም። ግድግዳው ላይ አሁን «አጠቃላይ የደም ምርመራ እንሰጣለን» የሚል ንጹሕ ወረቀት አለ፣ ውስጡም ሌላ የላብራቶሪ ባለሙያ። ያው ጣሳ መናኸሪያው አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ እንደሚሸጥ ሰምቻለሁ። ሰውዬው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለኛል። ሰላምታውን አልመልስም። ሰው ይቅር በይ ይለኛል፤ ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

እህቴ በቅርቡ አዲስ አበባ ታይታ መጣች፤ የቀረው ዕጢ አላደገም። ለምን በሷ ላይ እንደበቀለ ሐኪሙን ጠይቃው፣ «አናውቅም» አላት። ይህን መልስ ይዛ ስትወጣ ፊቷ ላይ ያየሁት እረፍት ነበር። ዘንድሮ በግማሽ ቀን ክፍል ገብታለች።

እኔ ሆስፒታሉ ውስጥ አልተወደድኩም። ራስ ምታት ብሎ ሳምንታት የቆየ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የታይፎይድ ምርመራ ታዝዞለት ወደ እኔ ሲመጣ፣ ደሙን ሳልቀዳ ወረቀቱን ይዤ ወደ አዘዘው ሐኪም ክፍል እሄዳለሁ። «ዓይኑን በባትሪ አይታችሁለታል? እጁን አስዘርግታችሁ ዕጢ እንዳይሆን አጣርታችኋል?» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ወጣት ሐኪም በታካሚው ፊት፣ «ላብራቶሪ ስለ ምርመራ ትእዛዝ ምን አገባው?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩበት። ታካሚው፣ አንድ የሀደሮ ገበሬ፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። በመጨረሻ ሐኪሙ ባትሪውን ከኪሱ አውጥቶ፣ አጥፎ ያስቀመጠውን የታካሚውን ካርድ ከፈተና፣ «እሺ አባባ፣ እዚህ ይቀመጡ» አላቸው።